ሐምሌ ሲጨልም ደስ የሚለው ሰው አለ?

የቆርቆሮ ልጅ | ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ገደማ ቢሮ ሆነን ሰማዩ ድንገት ጥቁር አለ። በቀን መብራት አበራን። ሁሉም «ኧረ ይሄ ክረምት መቼ ነው የሚወጣልን» ማለት ጀመረ። እኔ ዝም አልኩ። ውስጤ ግን ደስ ብሎታል።

ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። ደመናው ሲከብድ፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሎ አቧራና ቅጠል ይዞ ሲነሳ፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ጠብታዎች ቆርቆሮውን ጠብ ጠብ ሲያደርጉት ሰውነቴ ዘና ይላል። ዶፉ ሲወርድ ደግሞ ድምፁ ቤቱን ይሞላዋል። ሰው ቢያወራ አይሰማም። ሬዲዮም አይሰማም። ቤት ውስጥ ያለን ሁላችን ዝም እንላለን። ያንን ዝምታ ነው የምወደው።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። አባቴ ግንበኛ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ማታ ሲሚንቶ ለብሶ ነው የሚገባው። ሥራ ካለ እሑድም ይወጣል። በቀን ቤት የማገኘው ዝናብ ሲጥል ብቻ ነበር። ልስን ሳይደርቅ ዝናብ ካገኘው ታጥቦ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሰማዩ ሲጠቁር ሠራተኛው ይበተናል። አባቴ እየሮጠ ይመጣል። ቱንቢውንና መዶሻውን ከበሩ ጀርባ ያስቀምጣል። ኮቱን ያራግፋል። እናቴ የገብስ ቆሎ ትቆላለች። እኔ እግሩ ሥር እቀመጣለሁ። መዳፉ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቆ ነበር። ቆሎውን በዚያ መዳፍ አሽቶ፣ ገለባውን እፍ ብሎ፣ የጠራውን ለእኔ ይሰጠኛል። እስከ ዛሬ ዝናብ ሲጥል የተቆላ ገብስ ይሸተኛል።

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ነው። ዝናቡ በመስኮት ይታያል እንጂ ጣራ ላይ ሲወርድ አይሰማም። ይሄ ይጎድለኛል።

እናንተስ? ልባችሁ የሚያርፈው በየትኛው አየር ነው? የሚከፋችሁስ መቼ ነው?

ባለ ሳፋው | ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 2:25

እህቴ፣ የጻፍሽው ደስ ይላል። እኔ ግን እውነቴን ልንገርሽ፣ ክረምትን አልወደውም።

እኛ ጉለሌ የቀበሌ ቤት ነው ያለነው። ጣራው አሮጌ ነው፤ ያፈሳል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቀዳዳውን በሬንጅና በላስቲክ እንደፍናለን። ሐምሌ ላይ ደግሞ በሌላ በኩል ይከፈታል። አሁን ይሄን ስጽፍልሽ ቤቱ ውስጥ አንድ ሳፋ፣ ሁለት ድስትና አንድ የቀለም ቆርቆሮ ተደርድሯል። የእያንዳንዳቸው ድምፅ የተለያየ ነው። ሳፋው ሲሞላ ድምፁ እየወፈረ ይመጣል። በእንቅልፍ ልቤ እንኳን አውቀዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ተነስቼ እደፋዋለሁ፣ አልጋውን ወደ ግድግዳ እገፋለሁ፣ ልጄን አቅፌ ወደ ደረቁ ጥግ አዞረዋለሁ።

ልብስ ታጥቦ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ይውልና አይደርቅም። ሲለበስ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ መኪና ጭቃ ውሃውን ከጉልበቴ በታች ያለብሰኛል።

የእኔ ወር ጥቅምት ነው። ሰማዩ ታጥቦ ወለል ያለ፣ ጠዋቱ ጆሮ የሚቆርጥ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ግድግዳ ተደግፈህ ፀሐይ የምትሞቅበት። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲባል አጥንቱ ባይኖርም ፀሐዩ ይበቃኛል።

የቆርቆሮ ልጅ | ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 2:50

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። የእኛም ቤት አንድ ቦታ ላይ ያፈስ ነበር። እኔ ግን እንደ ጨዋታ ነበር የማየው። ሌሊት ተነስቶ የሚደፋው ሰው እኔ ስላልነበርኩ ነው መሰለኝ። ልጅህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ።

የከዚራ ልጅ | ሐምሌ 12፣ ከጠዋቱ 3:10

እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ድሬዳዋ ነኝ። ሙቀት ለኔ ቤቴ ነው።

እኛ ጋ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው በሩን ይዘጋል። ሰው ይተኛል፣ ይቅማል፣ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቀስ እያለ ይነቃል። ግቢው ውሃ ይረጫል። ውሃው የጋለውን መሬት ሲነካው የሚነሳው ትኩስ ሽታ ለኔ የማታ ደወል ነው። ከዚያ ወንበር ይወጣል፣ ሻይ ይመጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ወበቁ ሲብስ ፍራሽ አውጥተን ግቢ ውስጥ እንተኛለን። አዲስ አበባ ስመጣ ሰው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩን ዘግቶ ሲገባ ሆድ ይብሰኛል። ብርድ ሰውን ቤት ይከተዋል። ሙቀት ደጅ ያወጣል።

የሚያስፈራኝ ደመና ነው። ያውም ከራሴ በላይ ያለው ሳይሆን በስተደቡብ ተራራው ላይ ያለው። ከተማችንን የሚያቋርጠውን ወንዝ፣ ደቻቱን፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል፣ እኛም ኳስ ስንጫወትበት ነው ያደግነው። በ1998 ክረምት ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ብዙዎቹ ተኝተው ነበር። እኔ ያኔ 12 ዓመቴ ነው። ድምፁን አልረሳውም። የውሃ ድምፅ አልነበረም፤ ብዙ ከባድ መኪና በጠጠር ላይ የሚነዳ ይመስል ነበር። ሲነጋ የክፍል ጓደኛዬ ቤት የነበረበት ቦታ ጭቃ ብቻ ሆኗል።

አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፣ ልጆች አሉኝ። ተራራው ላይ መብረቅ ሲበርቅ ካየሁ ግን ያን ሌሊት አልተኛም። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ቢታይም አልተኛም።

አፈርና ውሃ | ሐምሌ 12፣ ከቀኑ 7:30

የከዚራ ልጅ፣ ነፍስ ይማር። ሌላ የምለው የለኝም።

ስለ ሽታው ግን ልጨምር፤ ሥራዬ የአፈር ላብራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ነው። ደረቅ መሬት ውሃ ሲነካው የሚሸተው ጂኦስሚን የሚባል ነገር ነው። አፈር ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይሠሩታል። ጠብታው ደረቁን አፈር ሲመታ ሥሩ ጥቃቅን የአየር አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ወደ ላይ ወጥቶ ሲፈነዳ ሽታውን አየር ላይ ይረጨዋል። ለዚህ ነው ካፊያ ሲሆን ሽታው የሚበረታው። ዶፍ ሲሆን መሬቱ ወዲያው ውሃ ይለብስና አረፋው ይቀራል። የሰው አፍንጫ ለዚህ ሽታ የተለየ ነው፤ ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ ይለየዋል። በ1964 እ.ኤ.አ. ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ለሽታው ፔትሪኮር የሚል ስም አወጡለት። እኛ «አፈር አፈር ይላል» እንላለን፤ ይበቃል።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ያማራት ይሄ ሽታ ነበር። ወሩ የካቲት ነው፣ ጠብታ የለም። ማታ ማታ ደጅ ወጥቼ አበባው ሥር ያለውን አፈር በጣቴ ውሃ እረጨዋለሁ። እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍና ትስበዋለች። «ትንሽ ጨምር» ትለኛለች። ልጁ አሁን 9 ዓመቱ ነው። ዝናብ ሊጀምር ሲል ሁለታችንም ሥራችንን ትተን እንተያያለን።

የደጋው ሽማግሌ | ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 12:45

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ነው። ዕድሜዬ 71 ነው። ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት።

እኔ ውርጭ እወዳለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ሰማዩ ጠርቶ ካደረ፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስትረግጡት ይንኮሻኮሻል። ላሞቹ ሲተነፍሱ እንደ ጢስ ነው። እንዲህ ያደረ ቀን ፀሐዩ ንጹሕ ነው፤ አንድም ደመና የለበትም። ቡልኮዬን ተከናንቤ በር ላይ እቆማለሁ። ባቄላ ያለው ሰው ግን አይወደውም። አንድ ሌሊት ውርጭ የአበባ ጊዜ ላይ ከመታው ማሳው በጠዋት ተቃጥሎ ይገኛል። እኔም መሬት በነበረኝ ጊዜ አልወደውም ነበር።

የምጠላው ነፋስ ነው። ታክሲ ውስጥ መስኮት የሚከፍቱ ልጆች አሉ። አንገት የሚይዘው፣ ጉንፋን የሚያመጣው እሱ ነው። ፀሐይም እንደዚያው፤ በልተህ ወዲያው ፀሐይ ላይ ከወጣህ ምች ይመታሃል። ዳማከሴ በየደጃችን የተተከለው በከንቱ አይደለም።

ነጭ ጋውን | ሐምሌ 12፣ ከምሽቱ 2:05

አባባ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። በአክብሮት አንድ ነገር ልበል።

ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው። ክረምት ላይ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ሁላችንም በርና መስኮት ዘግተን ተጠጋግተን ስለምንቀመጥ ነው። ሚኒባስ ውስጥ 12 ሰው ሆነን መስኮት ስንዘጋ አንዱ ያሳለው አየር ሁላችንም ጋ ይደርሳል። የሳንባ ነቀርሳም በአየር ነው የሚተላለፈው። ስለዚህ እኔ ከፋቿ ነኝ፤ በየቀኑ «ኧረ ዝጊው» እባላለሁ።

ሌላም አለ፤ እሱ እንቅልፍ ይነሳኛል። በክረምት ለሙቀት ብሎ ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው አለ። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ሰው እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው በዚያው ይቀራል። ተረኛ በነበርኩበት አንድ የነሐሴ ሌሊት እናትና ሁለት ልጆች መጡ። ሁለቱን አተረፍን። ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲገባ የማገኘውን ሰው ሁሉ «ከሰሉ ውጭ ይደር» እላለሁ። እናንተንም እለምናለሁ።

የደጋው ሽማግሌ | ሐምሌ 13፣ ከጠዋቱ 2:30

ልጄ፣ ገብቶኛል። ከሰሉን ትናንት ማታ አስወጥተናል። መስኮቱንም ክፈቺው። እኔ ሻርፔን ጠምጥሜ እቀመጣለሁ።

ሚኒያፖሊስ | ሐምሌ 13፣ ከቀኑ 9:15

እኔ ልንገራችሁ፤ ፀሐይ ያታለለኝ ሰው ነኝ።

ወደ ሚኒሶታ የመጣሁት በጥር ነው። በሦስተኛው ቀን ስነቃ መስኮቱ በፀሐይ ተሞልቷል። ሰማዩ ልክ የጥቅምት ሰማይ ነው፤ አንድ ደመና የለም። ደስ አለኝ። «ዛሬ ሞቀ» ብዬ በሹራብ ብቻ ቆሻሻ ልጥል ወጣሁ። አሥር እርምጃ አልሄድኩም። አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ፀጉር ደርቆ እንደ መርፌ ወጋኝ። ዓይኔን ስጨፍን ሽፋሽፍቴ ተጣበቀ። ትንፋሼ ሳንባዬ አልደርስ አለ። እኛ አገር ፀሐይ ወጣ ማለት ሞቀ ማለት ነው። እዚህ በክረምት ፀሐይ ደምቆ የወጣበት ቀን ብዙ ጊዜ ከሁሉም የከፋው ቀን ነው። በኋላ ነው የገባኝ፤ ደመና ለመሬት ጋቢዋ ነው። ሌሊት ጋቢው ከተገለጠ ሙቀቷ ሁሉ ወደ ላይ ይሄዳል። አባባ ስለ ውርጭ የነገሩን ያው ነው።

በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ደረሰ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ፖስታ እንኳን አልመጣም። ያን ቀን መኪናዬ አልነሳ ብሎኝ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ከመንገድ ማዶ ገመድ ይዞ መጣ። ባትሪዬን አስነሳልኝ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ስሙን እንኳን አልነገረኝም። ብርድ ሰውን ቤት ይከተዋል ያልከው ልክ ነው፤ እዚህ ግን ሰው ሲወጣ ለሌላ ሰው ብሎ ሲወጣም አይቻለሁ።

አሁን 14 ዓመት ሆነኝ፤ በረዶውን ለምጄዋለሁ። ሌሊት ጥሎ ሲያድር ጠዋት ያለውን ጸጥታ እወደዋለሁም። ነጎድጓድ ግን ይናፍቀኛል። በረዶ ድምፅ የለውም። ወራት አልፎ ወራት ሰማዩ አንድም ቃል አይናገርም። የመጀመሪያው የጸደይ ነጎድጓድ ሲሰማ ሚስቴን እቀሰቅሳታለሁ።

ስቶክሆልም | ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 4:20

እኛ ጋ ብርዱ ሳይሆን ጨለማው ነው። ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፤ እሱም ግራጫ ነው። የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ስሄድ ጨለማ ነው፣ ስመለስ ጨለማ ነው። በሁለተኛው ዓመት ከአልጋዬ መነሳት አቃተኝ። ምግብ አልጣፍጥ አለኝ። ቤት ስደውል «ጸልዪ፣ ቡና ጠጪ» ይሉኛል። ሐኪሟ ግን ስም ነገረችኝ። ከወቅት ጋር የሚመጣ ድብርት አለ፤ ዶክተር ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ በ1984 እ.ኤ.አ. አጥንተው ጽፈውታል። ደማቅ መብራት ሰጡኝ፤ በብርሃን መለኪያ 10,000 ሉክስ ነው። ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ፊቱ እቀመጣለሁ። ረድቶኛል። ውጭ አገር ያላችሁ እህቶቼ፣ ኅዳር ላይ ልባችሁ ሲጨልም ስንፍና አይምሰላችሁ። ሐኪም ጠይቁ።

ሰኔ ላይ ደግሞ ሌላ አገር ነው። ማታ አራት ሰዓት ላይ ሰማዩ ገና ብርሃን ነው። ረከቦቱን በረንዳ ላይ አውጥቼ ቡና አፈላለሁ። አሁንም ይሄን የምጽፈው መብራት ሳላበራ ነው።

ወሎዬዋ | ሐምሌ 14፣ ከሌሊቱ 6:50

ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው ስልኬን የማገኘው፤ ይቅርታ ዘገየሁ። ኩዌት ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሰባተኛ ዓመቴ ነው።

አሁን እዚህ በቀን ከ45 ዲግሪ በላይ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚትሪባ በሚባል ቦታ 53.9 ዲግሪ ተለክቶ ነበር፤ በመላው እስያ ከተመዘገበው ሁሉ ይበልጣል። ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ላይ ስወጣ የሚቀበለኝ ነፋስ አክንባሎ ሲነሳ ፊት ላይ የሚመጣው ትኩሳት ነው። የልብስ መቆንጠጫው ያቃጥላል። ቀዝቃዛ ነው የተባለው ቧንቧ የሚያወርደው ትኩስ ውሃ ነው። መጀመሪያ የሰቀልኩት ልብስ የመጨረሻውን ሰቅዬ ሳልጨርስ ይደርቃል። ባለ ሳፋው፣ ልብስህ ሦስት ቀን አልደርቅ ሲል እኔን አስበኝ።

አቧራው ደግሞ አለ። ሰማዩ ብርቱካን ይመስላል። ቤቱን ሁሉ ወልውዬ ዞር ስል ጠረጴዛው ላይ በጣት መጻፍ ይቻላል። እንደገና እጀምራለሁ።

እዚህ የሚዘንበው በብርዱ ወራት፣ እሱም ለጥቂት ቀን ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ኅዳር ላይ ሌሊት ነጎደ። ሕልም መስሎኝ ነበር። በባዶ እግሬ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጣሪያው ሲሚንቶ ነው፣ ድምፅ የለውም። የቆርቆሮ ልጅ፣ አንቺን የገባሽ ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ዝናብ እየጣለ ነው ግን አይሰማም። አንድ የብረት ትሪ ነበር፣ ገልብጬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ኳ ኳ ኳ አለ። ስልኬን አጠገቡ አድርጌ ድምፁን ቀዳሁና ለእናቴ ላክሁላት። ጠዋት መልስ መጣ። «ልጄ፣ እዚያም ይዘንባል?» ትላለች። እዚያም ሰማይ እንዳለ ያኔ ነው መሰለኝ ያመነችው።

የምንጃሩ | ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 4:00

ወሎዬዋ፣ ያንቺን አንብቤ ጠዋቱን ሙሉ ሳስብሽ ነበር። በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ዝናብ ለእኛ እንደ ወሩ ነው። ሐምሌ ላይ ጤፍ ሲዘራ ዝናብ ካልመጣ አባቴ እህል አይበላም። ያው ዝናብ ኅዳር ላይ ቢመጣ ደግሞ እንቅልፍ ያጣል። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ሲመታው ይተኛል፣ ፍሬው ይረግፋል። ታጭዶ ሳይከመር ከራሰማ ይበቅላል፣ ይጠቁራል። የዓመት ልፋት በአንድ ከሰዓት ይሄዳል።

እኔ አሁን አዲስ አበባ ባንክ ነው የምሠራው። ኅዳር ላይ ቢሮዬ ተቀምጬ ሰማዩ ከደመነ እጄ ወደ ስልክ ይሄዳል። «አባዬ፣ እዚያስ?» እለዋለሁ። «እዚህ ደህና ነው» ወይም «አሳየን» ይለኛል። ሌላ አናወራም፤ ሁለታችንም ሰማዩን ነው የምናየው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባል ነበር። አባቴ አሁን ይሄን አባባል ትቶታል። ዝናቡ ቃሉን አይጠብቅም ይላል።

መምህር ከደቡብ | ሐምሌ 15፣ ከምሽቱ 1:10

ለሁለት ቀን ስትጽፉ እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር። ያቤሎ አካባቢ አስተምሬያለሁ። የቦረና ዝናብ ከአዲስ አበባው ይለያል። ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሁለተኛው ሐገያ መስከረም መጨረሻ ገደማ ጀምሮ እስከ ኅዳር ነው። ሐምሌ ደረቅ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። አምስት። ደመና ይመጣል፣ ይከብዳል፣ ነፋስ ይነሳል። ሁሉም ሰው ይቆማል። ከዚያ ደመናው ያልፋል። ከብት በየመንገዱ ወደቀ። በክፍሌ ውስጥ ከ50 ተማሪ 20 የቀሩበት ሳምንት ነበር። እኔ ደብረ ዘይት ነው ያደግኩት፤ ዝናብ ሲመጣ «አቤት ጭቃው» ስል የኖርኩ ነኝ። እዚያ ሆኜ ይሄን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም።

በ2015 መጋቢት ላይ ዝናቡ መጣ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር። መጀመሪያ ጣራው ላይ አንድ ጠጠር የተወረወረ መሰለን። ሁለት። ሦስት። ከዚያ ወረደ። ልጆቹ ፈቃድ አልጠየቁም። ጠመኔዬን አስቀምጬ እኔም ወጣሁ። እጃቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ይዞራሉ። አንድ ልጅ ብቻ ዴስኩ ላይ ቀርቷል። ተመልሼ ገባሁና «አንተስ ለምን አትወጣም?» አልኩት። «ቲቸር፣ እኛ እኮ ከብት የለንም። አልቀዋል» አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እስኪያባራ አብረን ተቀመጥን።

ነጭ ጋውን | ሐምሌ 15፣ ከምሽቱ 1:35

መምህር፣ ልጁ አሁን የት ነው?

መምህር ከደቡብ | ሐምሌ 15፣ ከምሽቱ 1:50

አሥረኛ ክፍል ደርሷል። አጎቱ ሁለት ፍየል ሰጥቶታል፤ አምስት ሆነዋል። ባለፈው ሚያዝያ ደውሎልኝ ነበር። «ቲቸር፣ ዘነበ» አለኝና ዘጋው።

የቆርቆሮ ልጅ | ሐምሌ 19፣ ከቀኑ 10:05

እንኳን ለገብርኤል አደረሳችሁ። ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ።

የባለ ሳፋውና የምንጃሩ ጽሑፍ አንድ ነገር አስጠየቀኝ። አባቴ የሚከፈለው በቀን ነበር። የዋለበትን ነው የሚያገኘው። ዝናብ ሲጥል ቤት ነው ያልኳችሁ። እና ያ ቀንስ? እኔ 34 ዓመቴ ነው፤ ይሄን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ ጋ ሄጄ ጠየቅኋት።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አላቆመችም። «ዝናብ የጣለ ቀን ሳንቲም የለም» አለችኝ። «ቆሎው ምን መሰለሽ? ምሳችሁ እኮ ነበር። ገብሱ አያትሽ ከገጠር የሚልኩልን ነው። ወጥ የምሠራበት ሲጠፋ ቆሎ እቆላለሁ። አንቺ እየዘለልሽ ‹ዛሬ ዝናብ ስለሆነ ቆሎ ነው!› ትያለሽ። አባትሽ ‹አዎ፣ የዝናብ ቀን ቆሎ ነው› ይልሻል። እንደዚያ ሆኖ ቀረ።»

መልስ አጣሁ። ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ቆሎ ምሳ ስላልነበረ የተቆላ ነው። ገለባውን እፍ እያለ የጠራውን ለእኔ የሰጠኝ ሰው እሱ ራሱ ምን እንደበላ አላስታውስም።

«ታዲያ ዝናቡን ትጠይው ነበር?» አልኳት። ያኔ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አይ» አለችኝ። «አባትሽ ወገቡን የሚያሳርፈው ያን ቀን ብቻ ነበር። ሰኔ ሲጠባ ገንዘቡን እያሰብኩ እፈራለሁ። ሲጥል ደግሞ እሱን ተኝቶ ሳየው ደስ ይለኛል። ሁለቱም ነበር።»

እናቴ አሁንም ያቺው ቤት ናት፤ ቆርቆሮ ናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጎድጓድ ጀመረ። ዶፉ ሲወርድ ሁለታችንም ወሬ አቆምን። ተነስታ ምጣዱን ጣደች። ማሰሮ ውስጥ ገብስ ነበራት። አሁን ይሄን የምጽፍላችሁ እሷ ቤት ሆኜ ነው። ቆሎው በሰፌድ ፊቴ ተቀምጧል። ለእሷ እያሸሁ፣ እፍ እያልኩ ነው።

ባለ ሳፋው | ሐምሌ 19፣ ከቀኑ 10:40

እኛም ጋ እየጣለ ነው። ልጄን ቀሰቀስኩት። ጠብታዎቹን አብረን እያዳመጥን ነው። ሳፋው ወንድ ነው፣ ድስቶቹ ሴቶች ናቸው ይለኛል።

ወሎዬዋ | ሐምሌ 20፣ ከሌሊቱ 7:15

አሁን ነው ያነበብኩት። እማማን ሳሚልኝ። ለእኔም አንድ እፍኝ ዝገኝልኝ።